ኤስኤምቢ

የቤቱ የፋይል ማከማቻ ሣጥን መብራቱ እየበራ ኮምፒውተሩ ላይ «ኔትወርክ» የሚለው ሲከፈት ባዶ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ገመዱን ወይም ሃርድ ዲስኩን ነው። ጣጣው ግን ብዙ ጊዜ ከኤስኤምቢ ይመነጫል።

ኤስኤምቢ ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ፋይል የሚቀባበሉበት ፕሮቶኮል ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አይቢኤም ውስጥ ተፈጠረ፤ ማይክሮሶፍትም በዊንዶውስ አስፋፋው። ሊኑክስ የተጫነባቸው አብዛኞቹ የቤት ማከማቻዎች ደግሞ አውስትራሊያዊው አንድሪው ትሪጅል በጀመረው ሳምባ በተባለ ነፃ ሶፍትዌር ይናገሩታል።

ስሙ አንድ፣ ዕትሙ ግን ብዙ ነው።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ኮምፒውተሮችን የቆለፈው በዊንዶውስ ኤስኤምቢ 1 ውስጥ በነበረ ክፍተት ሾልኮ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ የወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ኤስኤምቢ 1ን 15 ቀን ያህል ካልተጠቀሙበት ራሱ ያነሳዋል። ኤስኤምቢ 1 ብቻ የሚያውቅ አሮጌ ሣጥን ከዚያ በኋላ ከኮምፒውተሩ ጋር አይግባባም። የሚሻለው የሣጥኑን ሶፍትዌር አድሶ በቅንብሩ ውስጥ ኤስኤምቢ 2ን ወይም 3ን መምረጥ ነው።

ሣጥኑ በስሙ ካልተገኘ በፋይል ኤክስፕሎረር የአድራሻ መስመር ላይ የአይፒ ቁጥሩን፣ ለምሳሌ \\192.168.1.20 ብሎ መጻፍ ይቻላል። በዚህ ከተከፈተ የተበላሸው ስም ፍለጋው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 ፕሮ ዕትም ደግሞ ያለ ይለፍ ቃል በእንግድነት መግባትን ስለሚከለክል፣ ሣጥኑ ላይ የተጠቃሚ ስምና ይለፍ ቃል መክፈት ያስፈልጋል።