ሠላሳ ዓመት ሰሚ ያጣ መቃወሚያ

ተፈጥሮ በመሠረቷ በዕጣ ትመራለችን? ወይስ ዕጣ መስሎ የሚታየን ምክንያቱን ስለማናውቅ ነው? ስለ ኳንተም መካኒክስ ሲነሣ «ይህ ጥያቄማ ድሮ ተዘግቷል» የሚል የተማረ ሰው አይጠፋም። ማን፣ እንዴት እንደዘጋው ግን እምብዛም አይጠየቅም። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማክስ ቦርን በ1926 የኳንተም ማዕበል የሚነግረን ኤሌክትሮኑ የት እንዳለ ሳይሆን የት የመገኘት ዕድል እንዳለው ነው አለ። በጥቅምት 1927 በብራስልሱ የሶልቬይ ጉባኤ ሉዊ ደ ብሮይ በአንጻሩ ቅንጣቱን መንገድ የሚመራ ማዕበል አለ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ቮልፍጋንግ ፓውሊ ተቸው፤ ደ ብሮይም ብዙ ሳይቆይ ሐሳቡን ተወ።

ማኅተሙን ያሳረፈው የጆን ፎን ኖይማን የ1932 መጽሐፍ ነው። ከኤሌክትሮኑ ጀርባ የተሰወሩ ወሳኝ ምክንያቶች ሊኖሩ እንደማይችሉ በሒሳብ አረጋገጠ ተባለ። ከዚያ በኋላ የሚጠራጠር ሁሉ «ፎን ኖይማን አረጋግጦታል» ይባል ነበር፤ ማረጋገጫውን ገልጦ ያነበበው ግን ጥቂት ነው።

ካነበቡት ጥቂቶች አንዷ የኤሚ ኖተር ተማሪ የነበረችው ግሬቴ ሄርማን ናት። በ1935 ያሳተመችው ጽሑፍ እንከኑን ያመለክታል። በኳንተም መካኒክስ የሁለት መጠኖች ድምር አማካይ የየራሳቸው አማካዮች ድምር ነው። ይህ ለብዙ ኤሌክትሮኖች ስብስብ እውነት ነው። ፎን ኖይማን ግን ስውር ምክንያቶቹ ውጤቱን ለወሰኑለት ለአንዱ ኤሌክትሮንም ያው ደንብ እንዲጸና ጠየቀ። በአንድነት ሊለኩ በማይችሉ መጠኖች ላይ ይህን የሚያስገድድ ነገር የለም። ሊረጋገጥ የሚገባው ነገር አስቀድሞ በመነሻው ውስጥ ገብቶ ነበር ማለት ነው። ሄርማን ራሷ የስውር ምክንያቶች ጠበቃ እንዳልነበረችም ልብ ይሏል፤ በካንት መንገድ የምትሄድ ፈላስፋ ነበረች።

ሰሚ አላገኘችም። ወጣት፣ ሴት፣ ከፊዚክስ ማኅበር ውጭ የሆነች ፈላስፋ ነበረች፤ ናዚን የምትታገል ሶሻሊስት በመሆኗም በ1936 ጀርመንን ለቅቃ ተሰደደች።

ሁለተኛው ባለታሪክም ስደተኛ ነው። ዴቪድ ቦም በ1949 በአሜሪካ ምክር ቤት መርማሪ ኮሚቴ ፊት ስለ ፖለቲካ ግንኙነቱ አልመሰክርም አለ፤ ተከሰሰ፣ በ1951 ነጻ ተባለ፤ ፕሪንስተን ግን ውሉን ስላላደሰለት ወደ ብራዚል አቀና። በ1952 ያሳተማቸው ሁለት ጽሑፎች አይቻልም የተባለውን ሠርተው አሳዩ፦ ቅንጣቶች ቁርጥ ባለ መንገድ የሚጓዙበት፣ ሆኖም ከተለመደው ኳንተም መካኒክስ ጋር አንድ ዓይነት ውጤት የሚተነብይ ንድፈ ሐሳብ።

ጽሑፎቹን ካነበቡት አንዱ አየርላንዳዊው ጆን ቤል ነበር። በ1966 የፎን ኖይማንን መነሻ ውድቅ አደረገ፤ የሄርማንን ስም ግን አላነሣም። በ1964 ደግሞ የራሱን ቲዎረም አሳትሞ ነበር፤ እርሱን የፈተኑት ሙከራዎች በ2022 አላን አስፔን፣ ጆን ክላውዘርንና አንቶን ዛይሊንገርን ለኖቤል አብቅተዋል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ብዙዎች እነዚህ ሙከራዎች የዕጣን ንግሥና አጸኑ ይላሉ። የጣሉት ግን አስቀድሞ ተወስኖ፣ በአካባቢው ብቻ የታጠረውን ዓለም ነው። የቦም ዓለም ሩቅ ያለው ቅንጣት እዚህ ባለው ላይ ወዲያው ተጽዕኖ እንዲኖረው ስለሚፈቅድ አልወደቀም፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። እኔ ወደ ዕጣው ወገን አዘነብላለሁ፤ ይህ ግን ምርጫዬ እንጂ የቤተ ሙከራ ፍርድ አይደለም። በ1920ዎቹ መጨረሻ እንደ ኤዲንግተን ያሉ ሊቃውንት የሰው ነጻ ፈቃድ ማደሪያ ያገኘው እዚህ ነው ብለው መቸኮላቸውም አይዋጥልኝም። በአንጎሌ ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን ዕጣ ቢጥል እኔ የዕጣው ተገዢ እሆናለሁ እንጂ ምኑ ነጻነት ነው?

የሄርማንን መቃወሚያ ወደ ብርሃን ያወጣው ማክስ ያመር በ1974 ባሳተመው የኳንተም መካኒክስ ፍልስፍና መጽሐፉ ነው። ያን ጊዜ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነበር።