በርጋጊ ፈረስና የክረምት ሌሊት



የዛሬው ንግግራችን ስለ ፈረስ ነው። ነገር ግን የምናነሣው የጦር ሜዳውን ሳይሆን የጋጣውን ፈረስ፥ ይኸውም ዝናብ ሲያወርድና መብረቅ ሲባርቅ በጨለማ ቆሞ የሚንቀጠቀጠውን ነው። የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ፈረስን የሚያስታውሱት ጌታው በላዩ በተቀመጠበት ሰዓት ብቻ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ተብለው በፈረሳቸው ስም ይጠሩ እንደ ነበር ከመካከላችን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ታጠቅ ሌሊቱን የት ያድር ነበር? ከአጠገቡ ማን ይተኛ ነበር? በሐምሌ ነጐድጓድ ሲበረግግ ማን ያረጋጋው ነበር? ይህን የጠየቀ ጥቂት ነው።

እኔ ጥያቄውን የማነሣው በማክሰኝት በኩል ስላደግሁ ነው። ማክሰኝት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ከጎንደር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። በስተ ምዕራብዋ ሜዳው ዝቅ እያለ ወደ ጣና ሐይቅ ይወርዳል። ከሰኔ ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ ደመናው ከቀትር በኋላ ይጠቍራል፤ ሌሊትም በሐይቁ በኩል ብልጭታው ሲመላለስ ይታያል። በዚያ አገር ፈረስ ያለው ሰው በክረምት እንቅልፉ ቀላል ነው።

ፈረስ ፈሪ እንስሳ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ጠንቃቃ ነው እላለሁ። ቀንድ የለውም፥ ጥፍርም የለውም፤ ከጥንት ጀምሮ የዳነው ቀድሞ በመስማትና ቀድሞ በመሮጥ ነው። ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለ ተተከሉ፥ ከኋላው ካለችው ጠባብ ስፍራና ከግንባሩ ሥር ካለችው ጥቂት ቦታ በቀር ዙሪያውን ሁሉ ያያል። የሰው ጆሮ የሚሰማው በሴኮንድ እስከ 20 ሺህ ንዝረት የሚደርሰውን ድምፅ ሲሆን፥ የፈረስ ጆሮ እስከ 33 ሺህ ንዝረት የሚደርሰውን ይሰማል። ዝናብ ሲመጣ በሜዳ ቢሆን ከመንጋው ጋር ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ፥ ራሱን ዝቅ አድርጎ ይቆማል። በጋጣ አንገቱ በአጭር ጠፍር ከታሰረ ግን መሮጥ አይችልም፤ ባልንጀራውንም አያይም። መከራው የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። በዚያ ሁሉ እልልታና ግርግር መካከል አጊጦ በእርጋታ የሚሄደው ፈረስ፥ ብቻውን በመንገድ ሲሄድ ከወረቀት ቍራጭ የሚበረግግ ሊሆን ይችላል።

እንቅልፉም የራሱ ነገር አለው። ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል መባሉ እውነት ነው፤ ከባዱን እንቅልፍ ግን ቆሞ አይጨርሰውም። በየቀኑ ለጥቂት ጊዜ፥ ብዙውን ጊዜም አንድ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ፥ መጋደም አለበት። የሚጋደመውም አካባቢው ሰላም መሆኑን ሲያምን ነው። በመንጋ ውስጥ አንዱ ሲጋደም ሌላው ቆሞ ይጠብቃል፤ ብቻውን የታሰረው በርጋጊ ግን ማን ይጠብቀኛል ብሎ ይተኛ? ክረምቱን በሙሉ በዚህ ዓይነት ያሳለፈ ፈረስ በመስከረም ከስቶና ቍጡ ሆኖ ይወጣል፤ ባለቤቱም ጠባዩ ተበላሸ ብሎ አለንጋ ያነሣል።

የጥንቱ ያገራችን ቤት ለዚህ ነገር መልስ ነበረው። በጎንደር ገጠር ክቡ የሣር ክዳን ቤት ሲሠራ ጋጣው ከቤቱ ውስጥ ይከፈል ነበር፤ ፈረስና በቅሎም ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያድሩ ነበር። ይህን ያዩ የውጭ አገር መንገደኞች ነገሩን ተጸይፈው ጽፈዋል። ምክንያቱን ሲናገሩም ጅብና ሌባ ፍራቻ ነው ይላሉ። በርግጥ ጅብም ሌባም አለ። ነገር ግን ፈረሱ ያገኘውን ጥቅም ማንም አልጻፈለትም። ሌሊቱን ሙሉ የሰው ትንፋሽና ሳል ይሰማል፤ የተዳፈነውን እሳት ጢስ ያሸታል፤ በአጠገቡ ላም ስታመሰኳ ይሰማል። ከሁሉም በላይ፥ ወፍራሙ የሣር ክዳን የዝናቡንና የበረዶውን ድምፅ ውጦ ያስቀረዋል። ቤቱ ለፈረስ ጆሮ ታስቦ ባይሠራም ለፈረስ ጆሮ የሚስማማ ሆኖ ተገኘ።

በዚህ አሳብ ብቻችንን አልነበርንም። ክሴኖፎን የተባለው የግሪክ ጦር አለቃ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ፥ ጋጣው ጌታው ፈረሱን ደጋግሞ ሊያይ ከሚችልበት ከቤቱ ክፍል እንዲሆን ይመክራል። የደነገጠውንም ፈረስ መምታት ፍርሃቱን እንደሚያብስ ያስረዳል፤ ፈረሱ ሕመሙ የመጣው ካስደነገጠው ነገር ይመስለዋልና። ይህን ያነበበ ያገራችን ገበሬ ምን አዲስ ነገር አለበት ብሎ የሚጠይቅ ይመስለኛል።

የነገሥታቱ ፈረስ ግን በገበሬ ቤት ሊያድር አይችልም። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1636) ጎንደርን ከቈረቈሩ በኋላ በተሠራው ግቢ ውስጥ፥ በዐፄ በካፋ ስም ከሚጠራው አዳራሽ ጋራ የፈረስ ጋጣው ፍርስራሽ ዛሬም ይታያል። በከተማው ዳር በፋሲል መዋኛ አጠገብም ዞብል የተባለው የንጉሥ ፈረስ መቃብር ነው የሚባል ትንሽ ክብ ሕንጻ አለ። የየትኛው ንጉሥ ፈረስ እንደ ነበረ ተራኪዎች ባይስማሙም፥ ለፈረስ መቃብር ይሠራለታል ብሎ ማመኑ ራሱ ብዙ ይናገራል። በድንጋይ ግንብ ውስጥ እንደ ሣር ክዳኑ ድምፅን ውጦ የሚያስቀር ነገር የለም፤ የገበሬው ቤት በጣራውና በእሳቱ የሚሰጠውን እርጋታ በግንቡ ውስጥ ሰው መስጠት ነበረበት። የባልደራስ ሹመት ትልቅነት ከዚህም የመጣ ነው የሚል ግምት አለኝ። ባልደራሱ የንጉሡን ፈረሶች ከነጠባያቸው ማወቅ ነበረበት፤ ሎሌዎቹም ከፈረሶቹ አይለዩም። በአዲስ አበባ በቅሎ ቤት ወይም ባልደራስ በሚባለው ሠፈር በየማለዳው በታክሲ ወደ መሥሪያ ቤታችን የምናልፍ ሰዎች፥ ስሙን የምንጠራው ይህን ሙያ ሳናስታውስ ነው።

እስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1770) ጎንደር ገባ። ጥሩ ፈረሰኛ ነበር። ወደ ዓባይ ምንጭ ሲጓዝ የዳሞቱ ፋሲል ሰዎች አስቸጋሪ ፈረስ ባቀረቡለት ጊዜ፥ ፈረሱ እስኪዝል ድረስ በኮረብታው ላይና ታች ጋልቦ እንዳስገዛው ራሱ በመኩራራት ጽፎአል። በአንድ ቀን ለታዛቢ ለማሳየት ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ፈረስን በድካም ማስገዛትና ፈረስን ማረጋጋት አንድ አይደለም፤ የዛለውም ፈረስ ሌሊት መብረቅ ሲባርቅ ዳግመኛ ይበረግጋል።

በታሪካችን ነጐድጓድና ፈረስ በክፉ ቀን የተገናኙት ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሥር በእሮጌ ሜዳ ነው። ያን ዕለት ከሰማይ ዝናብና ነጐድጓድ፥ ከእንግሊዝ ሠራዊት በኩል ጠመንጃ፥ መድፍና ሮኬት በአንድነት ወረደ፤ ፊታውራሪ ገብርዬም በዚያ ወደቀ። በእንዲህ ያለ ቀን ሰው የሚሸከም ፈረስ በአንድ ቀን ልምምድ አይገኝም፤ በብዙ ሌሊት የጋጣ አያያዝ እንጂ።

አሁን ወደ ጣራው እንመለስ። ቆርቆሮ በአዲስ አበባ መለመድ የጀመረው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፥ የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. ከተማዋ ከደረሰ በኋላ ማጓጓዙ ቀለለ። ወደ ጣና ዳርቻ መንደሮች የደረሰው ብዙ ዘግይቶ ነው። ቆርቆሮን አልነቅፍም፤ አያፈስም፥ እሳትም በቀላሉ አይበላውም፥ በየጊዜው ክደነኝ አይልም። ሰውና ከብት ተለያይተው ማደራቸውም ለጤና ይበጃል። ነገር ግን ቤቱ ሲለወጥ ፈረሱ ከሰው ተለይቶ ብቻውን በቆርቆሮ ሥር መግባቱን ያሰበ አልነበረም።

እኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ አጎቴ ቆርቆሮ ቤት ሠራ፤ ከጓሮም ለዳማው ፈረስ የቆርቆሮ ጋጣ አቆመለት። እኔም ለጓደኞቼ የኛ ፈረስ ቆርቆሮ ቤት አለው እያልሁ እኰራ ነበር። በሐምሌ አንድ ሌሊት በረዶ ወረደ። እኛ በቤት ውስጥ እንኳ እርስ በርሳችን አልተሰማማንም። ከጓሮው የሳንቃ መሰበር ድምፅ ሲመጣ አጎቴ ዱላ ይዞ ተነሣ። አያቴ፥ «ዱላውን አስቀምጥ፤ የፈራውን ልትመታው ነው?» አሉትና ፋኖስ አስይዘውኝ ወጡ። ዳማው ጠፍሩን በጥሶ፥ የኋላ እግሩን ሳንቃው ቀዶት፥ ላብ አጥምቆት ቆሞ ነበር። አያቴ ከኋላው አልቀረቡም፤ በግራ ጐኑ በኩል ዝግ ባለ ድምፅ እየጠሩት ሄደው አንገቱን ያዙት። ፋኖሱን በቋሚው ላይ እንድሰቅል አዘዙኝ፤ በደማቅ ጨለማ የሚመጣ ብልጭታ የበለጠ ያስደነግጣልና። ከዚያም በደረቅ ሣር እያሹት እስኪነጋ አብረውት ቆሙ።

በማግሥቱ አጎቴን እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፥ ቤት ሠራህለት፤ ጓደኛ ግን ነሣኸው።» ከቆርቆሮው በላይ ሣር ከደኑበት። መብረቅ የሚታይበትን ቀዳዳ በጭቃ መረጉ፤ ለአየር ግን ከላይ ክፍት ተዉ። ጠፍሩን ፈረሱ ሊጋደም በሚችልበት መጠን አስረዘሙት፥ ግን እግሩን እንዳይተበትበው አድርገው። በክረምት ሥራ ፈትቶ የሚውል ፈረስ ገብስ ሲበዛለት ይሞቀዋል ብለው ገብሱን ቀነሱ፥ ድርቆሹን ጨመሩ። በመጨረሻም አህያችንን አምጥተው ከጐኑ አሰሩ። አጎቴ ፈረስ ከአህያ ጋር ሲያድር ሰው ምን ይላል ብሎ አፈረ። ቍስሉ እስኪድን ግን ሰው የሚለውን ለመስማት ጊዜ አልነበረውም።

ታዲያ ፈረሱን ለምን ከነመንጋው በሜዳ አንተወውም የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። በክረምቱ ማብቂያ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ደዌ አለ። የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ትንኞች ሲሆኑ የሚበረቱትም ከምሽት እስከ ንጋት ነው፤ ከታመሙት ፈረሶች ብዙዎቹን ይገድላል። ክትባቱ በቢሾፍቱ ይመረታል፤ ሆኖም ማታ ማታ ማስገባቱ አይቀርም። እንግዲህ ጋጣው ግድ ከሆነ፥ የቀረው ጥያቄ የጋጣው ዓይነት ነው።

ዛሬ በማክሰኝትና በመሰሎችዋ ከተሞች አብዛኛው ፈረስ የጋሪ ፈረስ ነው፤ ጉግስም ሆነ ዘመቻ አያውቅም። ባለፈው ክረምት ለዘመድ ጥየቃ ሄጄ ሳለሁ፥ ሁለት ባለጋሪዎች ፈረሶቻቸውን በአንድ ጋጣ አዋደው ሲያሳድሩ አየሁ። ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ከላዩ ግን የጤፍ ጭድ በጆንያ እየሞሉ ደርድረውበታል። ይህን ማን አስተማራችሁ ብዬ ብጠይቅ አንደኛው ሳቀ። «ማንም አላስተማረን ጋሼ፤ የኔው ለብቻው ሲያድር በነጐድጓድ ሌሊት ግድግዳውን እየረገጠ ጎረቤቱን ሁሉ ስላስነሣ፥ ሠፈሩ ከሰሰኝ» አለኝ።