የውል ሕጋችን የኤውሮፓ ምንጮችና የጎብዬ ገበሬ ልማድ

በ1952 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን ታውጆ ከ1953 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ በውል ክፍሉ «ከኤውሮፓ የመጣ ነው» ሲባል ዘወትር ይሰማል። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ አርቃቂው ሬኔ ዳቪድ ፈረንሳዊ ነበሩ፥ ረቂቁም በፈረንሳይኛ ተጽፎ ወደ አማርኛ ተመለሰ። ነገር ግን የኤውሮፓ አገሮች በውል ነገር እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ስለዚህ ሊመረመር የሚገባው በየትኛው ነገር የማን ሕግ እንደ ተመረጠ፥ ምርጫውም ለባላገሩ ምን እንዳስከተለ ነው።

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ጎብዬን ለምሳሌ እንውሰድ። በራያ ቆላ ማሽላና ጤፍ የሚዘራው ገበሬ በሬ በዱቤ ሲገዛ ወይም ለመኸር የሚከፍለውን እህል ሲበደር፥ በልማዱ የሚታመነው በዋሱ ነው። ዋሱም በሽማግሌዎች ፊት በቃል ይጠራል።

በሕጉ ግን ዋስትና በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም (ቁጥር 1725)። በግምት አይያዝም፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ ካልተወሰነም ውሉ ዋጋ የለውም (ቁጥር 1922)። ዋስትና በግምት እንደማይያዝ የፈረንሳይ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1804 ደንግጎ ነበር፤ ልኩ ይጻፍ የሚለው በስዊስ የግዴታዎች ሕግ (ቁጥር 493) ይገኛል፤ እንግሊዝም ከ1677 ጀምሮ የዋስትናን ጽሑፍ ትጠይቃለች። በዚህ ነገር ኤውሮፓ ከሞላ ጎደል አንድ ቃል ሆናለች። ለዋሱ ይህ ጋሻ ነው። በሬውን አስረክቦ ዋሱን በቃል ብቻ የያዘው ሻጭ ግን ከፍርድ ቤት ባዶ እጁን ይመለሳል። በዚህ ላይ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው የጣት ምልክት፥ ሥልጣን ያለው ሹም ወይም ዳኛ ካላረጋገጠው አያስገድደውም (ቁጥር 1728)። ሁሉ በሚጽፍበት አገር ቀላል የሆነው ሥርዐት ለጎብዬ ገበሬ የአንድ ቀን መንገድና ወጪ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ክርክር ግን ሁኔታው ሲለወጥ ዳኛ ውሉን ያቃልላልን? የሚለው ነው። በደቡብ ፈረንሳይ የክራፖን የመስኖ ቦይ የውሃ ዋጋ በ16ኛው መቶ ዓመት በጥቂት ሶልዲ ተቈርጦ ነበር፤ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ገንዘቡ ረክሶ ክፍያው ለቦዩ ጥገና አልበቃም። የበታች ዳኞች ዋጋውን ከፍ ቢያደርጉም የሰበር ፍርድ ቤቱ በ1876 ፍርዳቸውን ሻረ። ጀርመን ከታላቁ የገንዘብ ውድቀት በኋላ በ1923 በቅን ልቡና ደንብ በኩል ለዳኛው በር ከፈተች፤ ኢጣልያ በ1942፥ ግብፅም በ1948 በሕግ ፈቀዱ። እኛ ከዚህ ሁሉ በኋላ ስንጽፍ የክራፖንን መንገድ መረጥን፤ ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ ይጸናል (ቁጥር 1764)። ፈረንሳይ ራሷ በ2016 ይህን ትታለች። በአንጻሩ በዚያው ዓመት የጣለችውን «የውል ምክንያት» የሚባል አስቸጋሪ ትምህርት የእኛ ሕግ ከጥንቱ አልተቀበለውም፤ የእንግሊዝን የመተካካት ዋጋም እንዲሁ።

ዝናብ በቀረበት ዓመት ይህ ምርጫ የሚመዝነው ሁለቱን የገበሬ ውሎች ስናነጻጽር ነው። የእኩል ወይም የሲሶ አራሽ ውል ዳኛ አያሻውም፤ ምርቱ ሲጠፋ የሁለቱም ድርሻ ይጠፋል። ሮማዊው ጋይዮስ ተጋማሽ አራሽ ጉዳቱንም ጥቅሙንም እንደ ሸሪክ ከባለመሬቱ ጋር ይካፈላል ያለው ይህንኑ ነው። (የሕጉ ቁጥር 2991 የባለመሬቱን ድርሻ እስከ ሦስት አራተኛ መፍቀዱ ሌላ ነገር ነው፤ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሲሽር ያም አብሮ ወደቀ።) ልኩ የተቈረጠ የእህል ብድር ግን ከድርቁ ጋር አይቀንስም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን ከመታው ረኃብ የተረፈ ባለዕዳ ዕዳውም ከእርሱ ጋር ተርፎ ነበር።

አንዲት ጠባብ በር ግን ቀርታለች። ተዋዋዮቹ እንደ ዝምድና ባለ፥ በርትዕ እንዲተያዩ በሚያስገድድ ልዩ ግንኙነት የተሳሰሩ ሲሆኑ ዳኛው ውሉን ሊያሻሽል ይችላል (ቁጥር 1766)። በጎብዬ አበዳሪና ተበዳሪ ብዙ ጊዜ ዘመድ፥ አበልጅ ወይም ወሰንተኛ ናቸው። አበልጅና ወሰንተኛ በዚህ ቁጥር ውስጥ ይገቡ እንደ ሆነ የሕጉ ቃል አይለይም፤ የሚወስነው በፊቱ የቀረበለት ዳኛ ነው።