የሞገድ ፈቃድና የቋንቋ ወሰን፦ ኒው ሀልፋና የምሥራቅ ሱዳን ጠረፍ፣ ከ1964 እስከ 2024

አንድ መንግሥት ለሬዲዮ ማሠራጫ ፈቃድ ሲሰጥ የሚመዘግበው ማሠራጫው የቆመበትን ቦታ፣ የሚሠራበትን ፍሪኩዌንሲ፣ የኃይሉን መጠንና የአንቴናውን ከፍታ ነው። በሀገራት መካከል የሚደረገው የፍሪኩዌንሲ ድልድልም የሚሰላው በእነዚሁ ነው፤ በማሠራጫው የሚነገረው ቋንቋ በስሌቱ ውስጥ አይገባም። ውጤቱ ሲታይ ግን የትኛው ቋንቋ በአየር ላይ እንደሚሰማና የትኛው ዝም እንደሚል በአብዛኛው የሚወስነው ይኸው ፈቃድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ግንኙነት ብዙ ቋንቋዎች ተጎራብተው በሚነገሩበት በኒው ሀልፋና በአካባቢው የምሥራቅ ሱዳን ጠረፍ ታሪክ መመርመር ነው። ከኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር በስተቀር በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የሰፈራው ከተማና ቋንቋዎቹ

ግብፅና ሱዳን በኅዳር 1959 በተፈራረሙት የአባይ ውኃ ስምምነት መሠረት የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሲሠራ የዋዲ ሀልፋ ምድር በውኃ እንደሚዋጥ ታወቀ። ግብፅ ለሱዳን 15 ሚሊዮን የግብፅ ፓውንድ ካሳ ለመክፈል ተስማማች። ከ1964 መጀመሪያ አንሥቶ 50,000 ያህል ኑቢያውያን በባቡር እየተጫኑ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚርቀው የቡታና ሜዳ ተዛወሩ። አዲሱ ሰፈራ የሚጠጣውም የሚያርሰውም በካሽም ኤል ጊርባ ግድብ በታገደው የአትባራ ወንዝ ነው፤ የወንዙ ዋነኛ ገባር ሰቲት ደግሞ በኢትዮጵያ ተከዜ የሚባለው ነው።

መሬቱ ባዶ አልነበረም። ዓረብኛ ተናጋሪዎቹ ሹክሪያዎችና ቢዳዌት ተናጋሪዎቹ ቤጃዎች ከብታቸውንና ግመላቸውን ያሰማሩበት ነበር። የመስኖው እርሻ ሲስፋፋ ሐውሳ የሚናገሩ የምዕራብ አፍሪካ ተወላጆች ለሥራ ተሰባሰቡ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከኤርትራ፣ ኋላም ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ሰዎች በከሰላና በገዳሪፍ ግዛቶች ሲሰፍሩ ትግረ፣ ትግርኛና አማርኛ ተጨመሩ። በዚህ መንገድ ኖቢን ተናጋሪው ኑቢያዊ፣ ቤጃው፣ ሐውሳውና ስደተኛው በአንድ ገበያ ተገናኙ። መግባቢያቸው ዓረብኛ ሆነ፤ ማታ ማታ ሬዲዮ ሲከፍቱ ግን እያንዳንዳቸው የሚፈልጉት ድምፅ የተለያየ ነበር።

2. በጄኔቫ የተሠመረው ወሰን

የሞገድ ሕግ ከቡታና እርሻ ይቀድማል። በ1906 በበርሊን የተጀመረው የሬዲዮ ስምምነት በ1938 በካይሮ በተካሄደው ጉባኤ ላይ እንደገና ተመርምሯል። በዚያን ዘመን የአብዛኛው አፍሪካ ሞገድ የሚደለደለው በቅኝ ገዢዎች ወንበር ነበር። ነፃ የወጡት የአፍሪካ ሀገሮች መካከለኛና ረጅም ሞገድን ራሳቸው ለመደልደል በጄኔቫ የተቀመጡት በ1964፣ ኑቢያውያን በባቡር በተጓዙበት በዚያው ዓመት ነው። ጉባኤው የደቡብ አፍሪካና የፖርቱጋል መገኘት ባስነሣው ክርክር ምክንያት ተቋረጠ፤ ሥራው የተጠናቀቀው በ1966 ነው። ቀጥሎ የመጣው የ1975ቱ የጄኔቫ ዕቅድ በኅዳር 1978 ሥራ ላይ ሲውል የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎችን በ9 ኪሎ ኸርዝ ርቀት ደረደራቸው። የ1984ቱ ዕቅድ ደግሞ ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ያለውን የኤፍ ኤም ክልል ደለደለ።

ለቋንቋ ታሪክ ከሁሉም የበለጠ ትርጉም ያለው የዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ አንቀጽ 23 ነው። ከ5,060 ኪሎ ኸርዝ በታች ወይም ከ41 ሜጋ ኸርዝ በላይ የሚሠራ የብሮድካስት ጣቢያ በመርሕ ደረጃ ኃይሉ በሀገሩ ወሰን ውስጥ ጥራት ያለው አገልግሎት ለመስጠት ከሚበቃው እንዳይበልጥ ደንቡ ያዝዛል። በመካከል የቀረው የአጭር ሞገድ ክልል ግን ድምፁን ወደ ሩቅ ሀገር እንዲልክ ተትቷል። የእያንዳንዱ ጣቢያ መለያ ፊደልም የሀገር ነው፦ ለኢትዮጵያ "ኢ.ቲ."፣ ለሱዳን "ኤስ.ቲ."፣ ከነፃነቷ በኋላ ለኤርትራ "ኢ.3"። ስለዚህ ደንቡ የሚያውቀው አድማጭ የአንድ ሀገር ነዋሪ ነው። በሁለትና በሦስት ሀገር ተከፋፍሎ የሚኖር የቋንቋ ማኅበረሰብ በደንቡ ውስጥ ስም የለውም።

ተፈጥሮ ለዚህ ሕግ ሙሉ በሙሉ አልተገዛችም። መካከለኛ ሞገድ ቀን ቀን ምድር ለምድር ይሄዳል፤ ሌሊት ግን ከላይኛው ከባቢ አየር ተንፀባርቆ ወሰን ይሻገራል። የጠረፉ ሰው የጎረቤት ሀገር ጣቢያ ከመሸ በኋላ እንደሚጠራ የሚያውቀው በዚህ ምክንያት ነው። ኤፍ ኤም በአንጻሩ ከአንቴናው አድማስ ብዙም አያልፍም። ፈቃድ ሰጪዎች ትኩረታቸውን ከመካከለኛ ሞገድ ወደ ኤፍ ኤም ባዞሩ ቁጥር የድምፁ ጥራት ይጨምራል፤ ወሰን ተሻጋሪ ቋንቋ የሚያገኘው አድማጭ ግን ይቀንሳል።

3. ፈቃድ ሰጪዎቹ፦ አዲስ አበባና ካርቱም

ኢትዮጵያ የአቃቂን የሬዲዮ ጣቢያ በ1935 ከፈተች። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በ1959 ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የሰጠው ፈቃድ ደግሞ በአህጉሩ እምብዛም ያልተለመደ ነበር። በ1963 ሥርጭት የጀመረው ብሥራተ ወንጌል ሁለት ባለ100 ኪሎ ዋት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ነበሩት። ከአማርኛ ሌላ በዓረብኛ፣ በስዋሂሊ፣ በሐውሳ፣ በፉላኒና በማላጋሲ ይናገር ነበር። የአንድ ሀገር ፈቃድ የሌሎች ሀገሮችን ቋንቋዎች ተሸክሞ ነበር ማለት ነው። ሐውሳ በኒው ሀልፋ እርሻዎች የሚነገር ቢሆንም ሥርጭቱ የታለመው ለምዕራብ አፍሪካ ነበር። በመጋቢት 1977 ደርግ ጣቢያውን ወረሰው፤ ማሠራጫዎቹ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ የወጡት ሕጎች ሞገድን የአንድ ሀገር ንብረት አድርገው አጠሩት። በአዋጅ ቁጥር 178/1991 የተጀመረው የብሮድካስት ሕግ በአዋጅ ቁጥር 533/1999 ሲተካ አገልግሎቱ የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ተብሎ ተከፈለ፤ የውጭ ሀገር ዜጋ ፈቃድ እንዳያገኝም ተደነገገ። በኋላ የስፔክትረም አስተዳደር በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ የብሮድካስት ፈቃድ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 ለመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ተሰጠ።

የሱዳን ሬዲዮ በ1940፣ በጦርነቱ ወቅት፣ በኦምዱርማን ተጀመረ። ሞገድን የሚያስተዳድረው ብሔራዊ የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በ1996 ተቋቋመ፤ በ2018 በወጣው ሕግ ደግሞ የቴሌኮሙኒኬሽንና የፖስታ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ቦታውን ወሰደ። የ2005ቱ ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 8 የሱዳን ነባር ቋንቋዎች በሙሉ ብሔራዊ ቋንቋዎች መሆናቸውን፣ ሊከበሩና ሊበለጽጉም እንደሚገባ ደነገገ። በቃል ደረጃ ይህ ለኖቢንና ለቢዳዌት ታላቅ ዕውቅና ነበር። አንቀጹ ግን ፍሪኩዌንሲ አልመደበም። ፈቃዱ የተያዘው በሌላ እጅ ነበር፦ የተባበሩት መንግሥታት ተልእኮ ሚራያ የተባለውን ጣቢያ በ2006 ሲከፍት ሥርጭቱ በደቡብ ብቻ ተወሰነ፤ በነሐሴ 2010 ደግሞ የቢቢሲ ዓረብኛ የኤፍ ኤም ሥርጭት በአራት የሰሜን ከተሞች ታገደ።

4. ፈቃድ የሌለው ድምፅ

በፈቃድ ሊገኝ ያልቻለውን አየር የትጥቅ ንቅናቄዎች ያለ ፈቃድ ያዙት። የኤርትራ ሕዝባዊ ግንባር ድምጺ ሐፋሽን በ1979 ጀመረ፤ የትግራይ ንቅናቄ ሬዲዮ ድምጺ ወያነ በ1985 ተከተለ። የሱዳን ሕዝብ ነፃ አውጪ ሠራዊት ሬዲዮም ከ1984 እስከ 1991 በኢትዮጵያ መንግሥት ይሁንታ ከኢትዮጵያ ምድር ወደ ሱዳን ይናገር ነበር። የአንዱ መንግሥት ሕገወጥ ጣቢያ ለሌላው የተፈቀደ ነበር። ኤርትራ ነፃ ስትወጣ ድምጺ ሐፋሽ የመንግሥት ጣቢያ ሆኖ በትግርኛ፣ በትግረ፣ በዓረብኛ፣ በቢዳዌትና በሌሎች ቋንቋዎች ማሠራጨቱን ቀጠለ። በዚህ ምክንያት የምሥራቅ ሱዳን ቤጃ የገዛ ቋንቋውን ከአሥመራ፣ በሌላ ሀገር ፈቃድ፣ ለመስማት ዕድል አገኘ።

አማርኛ ተናጋሪው ስደተኛም ከዚህ የተለየ ዕጣ አልነበረውም። የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ክፍል በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍል በ1982 ተመሠርተው በአጭር ሞገድ ወደ አካባቢው ይደርሱ ነበር። ወሰኑን የሚሻገር ድምፅ መንግሥታትን ስለሚያሰጋ መልሱ አንዳንድ ጊዜ በሞገድ ላይ ሞገድ መጫን ሆነ። በመጋቢት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት ለማፈን መንግሥታቸው ዝግጁ መሆኑን በይፋ ተናግረዋል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ሕግ ጎጂ ጣልቃ ገብነትን ይከለክላል፤ ሆኖም ኅብረቱ ሀገርን የሚቀጣበት እጅ የለውም።

እነዚህን ታሪኮች ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው አንድ ሥርዓት ይታያል። ቢዳዌትን በወሰኑ ማዶ ያለ መንግሥት ከብሔራዊ ቋንቋዎቹ እንደ አንዱ ይዞታል። አማርኛ የመንግሥት ቋንቋ ከመሆኑ ሌላ የውጭ ጣቢያዎች የሚፈልጉት አድማጭ አለው። ሐውሳ ከ1957 ጀምሮ የለንደን ሥርጭት አግኝቷል። ኖቢን ግን በግብፅም በሱዳንም አናሳ ነው፤ የሥራ ቋንቋው ያደረገው መንግሥት የለም፤ የጥንት ምድሩ ደግሞ በከፊል ከውኃ በታች ነው። በኒው ሀልፋ ያደጉ ልጆች ወደ ዓረብኛ ማዘንበላቸውን የቋንቋ ተመራማሪዎች ደጋግመው አስተውለዋል። ለዚህ መንሥኤው ሬዲዮ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ትምህርት ቤት፣ ገበያና ጋብቻ የበለጠ ይመዝናሉ። ነገር ግን ወላጆች በልጆቻቸው ፊት "ቋንቋችን ይኸው በሬዲዮ ይነገራል" ለማለት የሚያስችላቸው ማስረጃ ከሌሎቹ ጎረቤቶቻቸው ይልቅ ለእነርሱ ራቀ።

5. ስያሜዎቹ የሚናገሩት

ስለ ጉዳዩ የሚነገርባቸው ቃላትም ለቋንቋ ተመራማሪ የሚናገሩት አላቸው። የኢትዮጵያ ሕግ "የሬዲዮ ሞገድ" ሲል ለባሕር ማዕበል የሚነገረውን የግእዝ ቃል ወስዶ ነው። በአዋጅ ቁጥር 533/1999 መግቢያ ላይ ደግሞ ይህ ሞገድ የሀገር ውስን ሀብት ተደርጎ ተቀምጧል። በሱዳን መዝገቦች ያለው የዓረብኛ ስያሜ "ጠይፍ ተረዱዲ" ነው፤ "ጠይፍ" በሕልም የሚታይ ጥላ፣ "ተረዱድ" ደግሞ መመላለስና ማመንታት ማለትም ነው። አንደኛው ቋንቋ እንደ መሬት የሚከፋፈል ሀብት፣ ሁለተኛው እንደ ሕልም ጥላ የማይጨበጥ ነገር አድርጎ ሰይሞታል። የመንግሥታቱ አሠራር በሁለቱም በኩል የመጀመሪያውን ትርጉም መርጧል፤ የጠረፉ አድማጭ ልምድ ግን ለሁለተኛው ይቀርባል።

6. ከ2023 በኋላ

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም የፈነዳው ጦርነት ጥያቄውን ከብሮድካስት ወደ ሞባይልና ወደ ሳተላይት አሻገረው። በየካቲት 2024 የሱዳን የሞባይል ኔትዎርኮች በአብዛኛው ተቋረጡ። ብዙዎች ወደ ስታርሊንክ የሳተላይት መቀበያ ዞሩ፤ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ግን መሣሪያውን ማስገባትንም መጠቀምንም በዚያው ዓመት መጀመሪያ ከልክሎ ነበር። ኩባንያው ራሱ ፈቃድ ባላገኘባቸው ሀገሮች አገልግሎቱን እንደሚያቋርጥ በሚያዝያ ወር ባስታወቀ ጊዜ የእርዳታ ድርጅቶች ውሳኔው እንዲታሰብበት ተማጸኑ። ሞገዱ ከሰማይ ቢመጣም ፈቃዱ አሁንም የሀገር ነው።

ይህ መቋረጥ በሁሉም ቋንቋ ላይ እኩል አይከብድም። ዓረብኛና አማርኛ ጋዜጣ፣ መጽሐፍና መዝገብ አላቸው። ጽሕፈቱ ገና በጥቂቶች እጅ ያለ ቋንቋ ግን ከአፍ ወደ ጆሮ በሚሄድ ድምፅ ይኖራል፤ ዘመድ በየሀገሩ ሲበተን ያ ድምፅ የሚሄደው በስልክና በተቀዳ መልእክት ነው። ኔትዎርኩ ሲዘጋ ዓረብኛ አንድ መንገዱን ሲያጣ ኖቢንና ቢዳዌት ካሏቸው ጥቂት መንገዶች ዋነኛውን ያጣሉ።

የቋንቋ ታሪክ የሚጻፈው በአብዛኛው ከመማሪያ መጻሕፍት፣ ከሕዝብ ቆጠራና ከቃለ መጠይቅ ነው። የፍሪኩዌንሲ ዕቅዶች፣ የፈቃድ መዝገቦችና የወቅቱ የአጭር ሞገድ መርሐ ግብሮች ከእነዚህ ጋር ሲነበቡ አንድ ቋንቋ መቼ፣ ከየትኛው ወሰን ማዶና በማን ይሁንታ እንደተሰማ በቀንና በኪሎ ኸርዝ ያሳያሉ። ለምሥራቅ ሱዳን ቋንቋዎች ይህ ምንባብ ገና በጅምር ላይ ነው፤ በጦርነቱ የማኅደሮች ዕጣ አስጊ በሆነበት ጊዜም በቅድሚያ መሰብሰብ ከሚገባቸው ሰነዶች መካከል እነዚህ መዝገቦች ሊቆጠሩ ይገባል።