«እኔን ማን ጠየቀኝ?» በአሜሪካ የኤሌክትሪክና የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንቦች ታሪክ ውስጥ የሕዝብ አስተያየት ስፍራ

በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ በመጠኑ የተስተካከለ



የታሪክ መምህር ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ይናገራል ተብሎ ይጠበቃል። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ ሶኬት፣ ስለ ቱቦና ስለ ምድር ቤት ነው። ምክንያቴም አንድ የስልክ ጥሪ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

በ2021 በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት፣ በሴንት ፖል ከተማ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። የቤቷን ምድር ቤት ለእናቷ መኖሪያ እንዲሆን ስታሠራ ቆይታ፣ ሥራው ሊያልቅ ሲል ተቆጣጣሪ መጣ። ሶኬቶቹ ሁሉ፣ ኤሌክትሪክ ሰው ሲይዝ ኃይሉን በቅጽበት በሚያቋርጥ መሣሪያ ካልተጠበቁ አላጸድቅም ብሎ ሄደ። ለምንጣፍ ያስቀመጠችው ገንዘብ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ዋለ። «ወንድም ዓለም፣ አንተ የሕግ ታሪክ ታስተምር የለም? ይህን ደንብ ማን አወጣው? እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለችኝ።

ቸኩዬ «ባለሙያዎች ናቸው ያወጡት» አልኋት። መልሴ ግማሽ እውነት ብቻ ነበር። በሕግ ዐይን ሲታይ እሷም ተጠይቃለች። ደንቡ በ2020 መጨረሻ በሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ማስታወቂያው በክፍለ ግዛቲቱ ይፋዊ መዝገብ ታትሞ ነበር። የአክስቴ ልጅ ግን እንዲህ ያለ መዝገብ መኖሩንም አታውቅም። እኛ አገር ድሮ አዋጅ ሲነገር ነጋሪት ይጎሰም ነበር፤ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባል ነበር። የሕግ ጋዜጣችን ስሙን ያገኘው ከዚያው ከበሮ ነው። እሷ ያጋጠማት ነጋሪት ሳይጎሰም የታወጀ አዋጅ ነው።

ጥያቄዋን ይዤ ወደ ታሪኩ ተመለስሁ። ያገኘሁት ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ የሕዝብ አስተያየት ኃይል የሚያገኘው በር ስለ ተከፈተ ብቻ አይደለም። ሰሚው በጽሑፍ ምክንያቱን ለመስጠት ሲገደድ፣ በቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰውም በጉባኤው መካከል ሲገኝ ነው። ከሁለቱ አንዱ በጎደለ ቁጥር ደንቡ የተደራጁት መሣሪያ ሆኗል።

የመጀመሪያው አንባቢ

የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ፣ በተለምዶ «ኮድ» የምንለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ1897 ነው። በዚያን ጊዜ ኤሌክትሪክ አዲስ ነገር ነበር፤ ሽቦው በየቤቱ ሲገባ እሳትም አብሮት ገባ። ከዚያ በፊት እርስ በርሳቸው የማይስማሙ አምስት ደንቦች በአገሪቱ ይሠራባቸው ነበር። አንድ የሚያደርጋቸው ረቂቅ ሲዘጋጅ በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚገኙ 1,200 ያህል ሰዎች ተልኮ አስተያየታቸው ተጠየቀ።

ለዘመኑ ይህ የሚደነቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ እነዚያ ሰዎች የሙያው ሰዎች ነበሩ። ደንቡን ከጀርባ የሚገፋውም የመድን ንግድ ነበር፤ ቤት ሲቃጠል ካሣ የሚከፍለው እሱ ነውና። ከ1911 ጀምሮ ደንቡን የሚያዘጋጀው ብሔራዊ የእሳት አደጋ መከላከያ ማኅበር የግል ማኅበር እንጂ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም። ክፍለ ግዛቶችና ከተሞች የማኅበሩን ጽሑፍ ተቀብለው ሕግ ያደርጉታል። በየሦስት ዓመቱም ይታደሳል። ዛሬ ማንም ሰው፣ አባል ባይሆንም፣ የማሻሻያ ሐሳብ ማቅረብ ይችላል። ይህን አሠራር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ጽሑፉ በግል ማኅበር ይረቀቃል፣ የሕግነት ማኅተሙን ግን የሚያሳርፈው መንግሥት ነው።

የተቆለፈው በር

ሕዝብ በግንባታ ደኅንነት ላይ በእውነት የተደመጠበት ትልቁ ጊዜ ከመከራ በኋላ መጣ። መጋቢት 25 ቀን 1911 በኒውዮርክ ከተማ በትራያንግል የሸሚዝ ፋብሪካ እሳት ተነሣ። ፋብሪካው በአንድ ፎቅ ሕንፃ ስምንተኛ፣ ዘጠነኛና ዐሥረኛ ደርብ ላይ ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መሰላል ከስድስተኛው ደርብ አላለፈም። በዘጠነኛው ደርብ አንዱ መውጫ ተቆልፎ ነበር። ከሕንፃው ውጭ የተገጠመው የብረት ደረጃም የሰው ክብደት ሲበዛበት ተደረመሰ። 146 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ከአይሁድና ከጣልያን ስደተኛ ቤተሰቦች የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ።

በዚያው ዓመት የኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት የፋብሪካዎች መርማሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ሊቀ መንበሩ ሮበርት ዋግነር፣ ምክትሉ አል ስሚዝ ነበሩ። ኮሚሽኑ በየከተማው ይፋዊ ጉባኤ ጠርቶ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ200 በላይ ምስክሮችን ሰማ። ከምስክሮቹ መካከል መሐንዲሶችና ባለ ፋብሪካዎች ነበሩ፤ በሩ ሲቆለፍ ውስጥ የሚቀሩት ሠራተኞችም ነበሩ።

ኮሚሽኑ በወንበር ተቀምጦ በመስማት ብቻ አልተወሰነም። እሳቱን በዐይኗ ያየችው ፍራንሲስ ፐርኪንስ የኮሚሽኑን አባላት ወደ ፋብሪካዎቹ ይዛ ትሄድ ነበር። በኋላ ራሷ እንደተረከችው፣ ዋግነርን «የእሳት መውጫ» ተብሎ ወደ ተሰየመ ጠባብ ቀዳዳ ወስዳ እንዲሾልክ አደረገችው፤ ከማዶው የሚጠብቀው በረዶ የጋገረበት መሰላል ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30 በላይ ሕጎች ወጡ። የብሔራዊው ማኅበርም በ1913 የሰው ሕይወት ደኅንነትን የሚመለከት ኮሚቴ አቋቋመ። ፐርኪንስ በ1933 የሥራ ሚኒስትር ሆና፣ በአሜሪካ ካቢኔ የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሴት ለመሆን በቃች።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ሠራተኞቹ ስለ ብረት ጥንካሬ አለማስተማራቸው ነው። የተናገሩት የሚያውቁትን ነው፤ በሩ በስንት ሰዓት እንደሚቆለፍ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን። ይህን ዕውቀት ከየትኛውም ሥዕለ ንድፍ ላይ ማግኘት አይቻልም።

394 ለ390

አሁን 69 ዓመት ወደ ፊት እንሻገር። በ1980 ብሔራዊው ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤውን አደረገ። ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ ከብረት ሌላ ከፕላስቲክም እንዲሠራ የሚፈቅድ ነበር። የማኅበሩ የባለሙያዎች ኮሚቴ ሐሳቡን ተቀብሎታል። የሚቃወሙት ወገኖች ፕላስቲክ በእሳት ጊዜ መርዛማ ጭስ ያወጣል የሚል ክርክር ነበራቸው፤ ክርክሩ ሊናቅ የሚገባው አልነበረም።

የብረት ቱቦ አምራቾቹና ተባባሪዎቻቸው ግን በክርክሩ ብቻ አልተማመኑም። የአባልነት መዋጮና የመጓጓዣ ወጪ እየከፈሉ 230 ሰዎችን ለዚያ ድምፅ ሲሉ አባል አደረጉ፤ ለዚህም ከ100,000 ዶላር በላይ አወጡ። ሰዎቹ የት እንደሚቀመጡና መቼ እጃቸውን እንደሚያነሡ የሚመሩ አለቆች ተመደቡላቸው፤ መመሪያውም በሬዲዮና በእጅ ምልክት ይተላለፍ ነበር። ውጤቱ 394 ለ390 ሆነና ሐሳቡ ወደቀ። አራት ድምፅ!

የፕላስቲክ ቱቦ አምራቹ ለማኅበሩ የዳይሬክተሮች ቦርድ አቤት አለ። ቦርዱ የሰጠው መልስ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምደግመው ነው፤ ደንቦቹ ታልፈዋል እንጂ አልተጣሱም አለ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1988 ፍርድ ቤቱ 7 ለ2 በሆነ ድምፅ፣ በዚህ መንገድ ጉባኤን የሞላ ወገን «መንግሥትን መለመኔ ነው» ብሎ ከፀረ ሞኖፖሊ ሕግ ማምለጥ አይችልም ሲል ወሰነ። የግል ማኅበር ጽሑፉ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ሕግ ቢሆንም እንኳ ራሱ ምክር ቤት አይደለምና።

ልብ በሉ፤ በ1980 በሩ ክፍት ነበር። ማንም አባል ሆኖ ድምፅ መስጠት ይችል ነበር። የገባው ግን ለመግባት የተከፈለው ነው። ቱቦው በሚቀበርበት ግድግዳ ሥር የሚተኛው ሰው በአዳራሹ አልነበረም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ጥያቄ አለ፦ ያልተነበበ ረቂቅ ላይ አስተያየት ይሰጣልን? ፒተር ቪክ የተባለ የቴክሳስ ሰው ሁለት ትንንሽ ከተሞች የተቀበሉትን የሕንፃ ደንብ በድረ ገጽ ላይ ለጠፈ፤ አዘጋጁ ማኅበር የቅጂ መብቴ ተነካ ብሎ ተሟገተው። በ2002 አምስተኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት ደንቡ ሕግ ከሆነ በኋላ እንደ ሕግ መታየቱ ለሁሉ ክፍት ነው ሲል ለቪክ ፈረደ። ይህ ክርክር በሌሎች ፍርድ ቤቶችም ቀጥሏል። ሕግን ለማንበብ መግዛት ካስፈለገ «ሕጉን አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም» የሚለው መርሕ እጅግ የከበደ ይሆናል።

ወደ ሚኒሶታ ስንመለስ

ሚኒሶታ የሕንፃ ደንቧን ለመላው ክፍለ ግዛት ያወጣችው በ1972 ነው። የአስተያየት ሥርዓቷ ከብዙዎቹ የጠነከረ ነው። ደንብ የሚያወጣው መሥሪያ ቤት ደንቡ ለምን እንዳስፈለገና ምክንያታዊነቱ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ማስረዳት አለበት። በመደበኛው ሥርዓት ቢያንስ 30 ቀን ለአስተያየት ይሰጣል፤ 25 ሰዎች በጽሑፍ ከጠየቁ በአስተዳደር ዳኛ ፊት ይፋዊ ጉባኤ ይካሄዳል። ሃያ አምስት ሰው ማለት አንድ ዕድር እንኳ የማይሞላ ቁጥር ነው።

ይህ ሥርዓት የተፈተነው በስፕሪንክለር ጉዳይ ነው፤ እሳት ሲነሣ ከጣሪያ በራሱ ውኃ የሚረጨው መሣሪያ ማለቴ ነው። በ2008 ከሴንት ፖል ማዶ በምትገኘው በሚኒያፖሊስ በተካሄደ ጉባኤ፣ መሣሪያው በአዳዲስ መኖሪያ ቤቶች ሁሉ እንዲገባ የሚጠይቀው ሐሳብ ከ70 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ በሞዴል ደንቡ ላይ ሰፈረ። ካሊፎርኒያና ሜሪላንድ ተቀበሉት። ብዙ ክፍለ ግዛቶች ግን የቤት ገንቢዎች ወጪውን ተቃውመው ስለ ተከራከሩ ሳይቀበሉት ቀሩ። ሚኒሶታ መካከለኛ መንገድ መረጠች፦ 4,500 ካሬ ጫማ፣ ማለት 418 ካሬ ሜትር ገደማ፣ እና ከዚያ በላይ ስፋት ባላቸው አዳዲስ ቤቶች እንዲገባ ደነገገች። የገንቢዎች ማኅበር ከሰሰ። በ2015 የክፍለ ግዛቲቱ ይግባኝ ፍርድ ቤት ድንጋጌውን ሻረው። ፍርድ ቤቱ መሣሪያው አይጠቅምም አላለም። ለምን 4,500 ሆነ? ለምን 4,000 ወይም 5,000 አልሆነም? ለዚህ ቁጥር በመዝገቡ ውስጥ በቂ ምክንያት አልተገኘም።

እንደ ታሪክ ሰው ይህን ፍርድ ሳነብ ሁለት ስሜት ያድርብኛል። በአንድ በኩል ባለሥልጣን ቁጥርን ከአየር ላይ እንዳይዘግን የሚያስገድድ ሥርዓት እሰየው የሚያሰኝ ነው። በሌላ በኩል በዚያ ክርክር ገንቢዎቹ ጠበቃ ነበራቸው፤ መሥሪያ ቤቱም ጠበቃ ነበረው። ከሃያ ዓመት በኋላ በዚያ ቤት ተኝታ ጭስ የሚሸታት ሕፃን ግን ጠበቃ አልነበራትም። ምክንያት የመስጠት ግዴታ ብቻውን፣ የሌለውን ሰው ወደ ጉባኤው አያመጣም።

ለአክስቴ ልጅ የዘገየ መልስ

የአክስቴ ልጅ ሶኬቶች ታሪክስ? የሚጠብቃቸውን መሣሪያ በ1961 የፈለሰፉት የበርክሊው ፕሮፌሰር ቻርልስ ዳልዚል ናቸው። አምስት ሚሊአምፔር ያህል ጅረት መንገዱን ስቶ በሰው አካል ሲያልፍ ኃይሉን ያቋርጣል። ደንቡ በ1975 ለመታጠቢያ ቤት፣ በ1987 ለማእድ ቤትና ላልተጠናቀቀ ምድር ቤት፣ በ2020 ደግሞ ለተጠናቀቀ ምድር ቤትም ጠየቀው። እያንዳንዱ እርምጃ ከሰው ሞት የተገኘ ዕውቀት አለበት። ስለዚህ ደንቡ ለእናቷ ሕይወት የቆመ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም ነግሬያታለሁ።

እሷ ግን እንዲህ ስትል መለሰችልኝ፦ «ደንቡ መጥፎ ነው አላልሁም። ቢጠይቁኝ ኖሮ እኮ፣ ምድር ቤት የሚያሠራው ሀብታም ብቻ አይደለም፣ እናቱን ለማኖር የሚያሠራ ስደተኛም አለ፣ ቀድማችሁ ንገሩን እላቸው ነበር።»

በ1911 የሸሚዝ ሰፊዎቹ የሰጡት ምስክርነት ዓይነቱ ይህ ነው። ደንቡን ላያስቀር ይችላል፤ ማስታወቂያው በምን ቋንቋና በየት መነገር እንዳለበት ግን ይለውጣል። በሚኒሶታ አማርኛና ኦሮምኛ የሚናገር ብዙ ወገን አለ። ሃያ አምስት ፊርማ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም ከአንድ መስጊድ ደጃፍ በአንድ ቀን ይገኛል።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእናንተ መካከል ነገ በዚህችም አገር ደንብ የሚያረቁ አሉ። ረቂቁን ስትጨርሱ «አስተያየት ጠይቀናል» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት፣ ከመጡት ይልቅ ያልመጡትን ቁጠሩ። የመጡትንም ስትሰሙ፣ ለምን እንደተቀበላችሁ ወይም ለምን እንዳልተቀበላችሁ በጽሑፍ መልሱላቸው። የአክስቴ ልጅ በ2023 አዲሱ የኤሌክትሪክ ደንብ ሲመጣ ይፋዊውን መዝገብ ከፍታ እንዳነበበች ነግራኛለች። ግማሹ አልገባኝም ብላለች። ላልገባት ግማሽ ተጠያቂዎቹ እኛ የምንጽፈው ነን።