የተሽከርካሪ የማቀዝቀዣ ውሃ መጉደል፡ መንስኤውና የመለያ ዘዴዎቹ

የተሽከርካሪ ሞተር ማቀዝቀዣ ዝግ ሥርዓት በመሆኑ ውሃው ወይም ኩላንቱ በየጊዜው ሊጎድል አይገባም። ሾፌሩ በየማለዳው ውሃ የሚጨምር ከሆነ ፈሳሹ የሚወጣበት ቦታ አለ ማለት ነው። መንስኤውን ሳይለዩ ውሃ መጨመር ብልሽቱን ከመሸፈን አልፎ ለመስክ ሥራ የተሰማራውን ተሽከርካሪ ለሞተር መቃጠል ይዳርጋል።

ችግሩ በከፍታ ቦታዎች ይጎላል። በባህር ጠለል በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የመፍያ ነጥቡን ከ110 ዲግሪ በላይ የሚያደርሰው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። በመሆኑም ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ውሃው ገንፍሎ እንዲወጣ ስለሚያደርግ በቅድሚያ ሊመረመር ይገባል።

ምርመራው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ይጀመራል። ትኩስ ራዲያተር መክፈት ከባድ ቃጠሎ ያስከትላል።

የውጭ ፍሳሽ በጎማ ቱቦዎች መጋጠሚያ፣ በራዲያተሩ ጠርዝና በውሃ ፓምፑ ሥር በሚታይ እርጥበት ወይም ደርቆ በቀረ ባለቀለም ዝቃጭ ይታወቃል። የፊት ወንበር ምንጣፍ መራስና በመኪናው ውስጥ የሚሰማ ጣፋጭ ሽታ የካቢን ማሞቂያውን ማፍሰስ ያመለክታሉ። ከአየር ማቀዝቀዣው የሚንጠባጠበው ቀለምና ሽታ የሌለው ውሃ ግን ብልሽት አይደለም።

በዓይን የሚታይ ፍሳሽ ከሌለ ጋራዡ በግፊት መፈተሻ ፓምፕ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው መጠን ግፊት ሰጥቶ ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠብቃል። ውጭ ምንም ሳይፈስ ግፊቱ ከወረደ ጉዳቱ በሞተሩ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ፣ ወተት የመሰለ የሞተር ዘይትና በራዲያተሩ ውስጥ የሚታይ አረፋ የቴስታታ ጋስኬት መበላሸት ወይም የቴስታታ መሰንጠቅ ምልክቶች ናቸው። በዚህ ሁኔታ ተሽከርካሪው መንቀሳቀስ የለበትም።

የሙቀት ጌጁ ብቻውን አስተማማኝ አይደለም። ውሃው ከሙቀት መለኪያው በታች ከወረደ ሞተሩ እየነደደ ጌጁ ዝቅተኛ ሙቀት ሊያሳይ ይችላል። ስለሆነም የተጨመረውን የውሃ መጠን፣ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በተሽከርካሪው መዝገብ ላይ ማስፈር፣ እንደ አባይ ሸለቆ ያለ ረጅም ዳገት ከሚጠብቀው ጉዞ በፊትም መዝገቡን ማየት ይመከራል።