ሃይድሮፖኒክስ በጀሪካን

ሃይድሮፖኒክስ በጀሪካን ማለት ያገለገለ የምግብ ዘይት ጀሪካን፣ ባልዲ ወይም ሃይላንድ (የውሃ ፕላስቲክ) በመጠቀም፣ ያለ አፈር፣ ማዳበሪያ በሟሟበት ውሃ ላይ አትክልት የማልማት ዘዴ ነው። ፓምፕም ሆነ ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም። ውሃው ስለማይዘዋወር «የማይዘዋወር ሃይድሮፖኒክስ» ከሚባለው ክፍል ይመደባል። ዘዴውን ባጠናው የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በበርናርድ ክራትኪ ስም «የክራትኪ ዘዴ» ተብሎም ይጠራል። አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ሁለት ነገሮች ካልተሟሉ አትክልቱ አይሳካም፤ እነሱም ሥሩ አየር ማግኘቱና ማዳበሪያው ያለ አፈር ለማልማት የሚሆን መሆኑ ናቸው።

ስያሜና ታሪክ

ቃሉ «ውሃ» እና «ሥራ» የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1699 እንግሊዛዊው ጆን ውድዋርድ ናና መሰል ተክል በተለያየ ውሃ ውስጥ አሳድጎ፣ አፈር የነካው ውሃ ከዝናብ ውሃ የተሻለ እንደሚያሳድግ አሳየ። በ1860ዎቹ የጀርመን ሳይንቲስቶች ዩሊየስ ፎን ሳክስና ቪልሄልም ክኖፕ ተክሎች የሚያስፈልጓቸውን ጨዎች በውሃ አሟሙተው ያለ አፈር ማሳደግ ቻሉ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዊሊያም ጌሪኬ ከ1929 ጀምሮ ዘዴውን ከቤተ ሙከራ አውጥቶ ለምርት ለማዋል ሞከረ፤ «ሃይድሮፖኒክስ» የሚለውን ስም በ1937 ያስተዋወቀውም እሱ ነው። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ዴኒስ ሆግላንድና ዳንኤል አርኖን በ1938 ያሳተሙት የማዳበሪያ አዘገጃጀት ዛሬም ለብዙ ቅይጦች መነሻ ነው።

የአሠራሩ መርህ

ተክል ለማደግ 17 ንጥረ ነገሮች ያስፈልጉታል። ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ከአየርና ከውሃ ይገኛሉ። የቀሩትን 14፣ ማለትም እንደ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ብረት ያሉትን፣ ተክሉ በሥሩ በኩል ይስባል። አፈር እነዚህን ይዞ ያቆያል፤ በሃይድሮፖኒክስ ግን ሁሉም በማዳበሪያው ውሃ ውስጥ መገኘት አለባቸው።

ሥር ውሃና ምግብ ብቻ ሳይሆን ኦክስጅንም ይፈልጋል። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያለው አንድ ሊትር ውሃ በባሕር ወለል ከፍታ 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ብቻ ይይዛል። ውሃው ሲሞቅ ወይም ቦታው ከፍ ሲል መጠኑ ይቀንሳል። በአዲስ አበባ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያነሰ ነው።

የጀሪካኑ ዘዴ ይህን ችግር የሚፈታው በአየር ክፍተት ነው። ተክሉ ውሃውን እየጠጣ ሲሄድ ደረጃው ይወርዳል፤ በክዳኑና በውሃው መካከል እርጥበት ያለው አየር ይፈጠራል። በዚህ ክፍተት ያሉት የላይኛው ክፍል ሥሮች አየር ይስባሉ፤ ረዘም ብለው ወደ ታች የወረዱት ደግሞ ውሃና ማዳበሪያ ይወስዳሉ። ስለዚህ ውሃው ቀነሰ ብሎ ጀሪካኑን እንደገና እስከ አፉ መሙላት አየር የለመዱትን ሥሮች ማፈን ነው፤ ውሃ ሞልቶለትም ተክሉ ይጠወልጋል።

የሚያስፈልጉ ቁሳቁሶች

• ዕቃ፦ ለአንድ ሰላጣ የ5 ሊትር፣ ለሦስት ወይም ለአራት ሰላጣ የ20 ሊትር የምግብ ዘይት ጀሪካን ይበቃል። ፀረ ተባይ፣ የሞተር ዘይት፣ ቀለም ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበት ዕቃ ቢታጠብም ለምግብ ሰብል አይሆንም።
• ኩባያ፦ በጋለ ምስማር ጎንና ታቹ የተበሳሳ የእርጎ ኩባያ ወይም የሃይላንድ አንገት።
• መደገፊያ፦ ታጥቦ አቧራው የወጣ ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር (በግንባታ ሠራተኞች ዘንድ «ሬድ አሽ» የሚባለው) ወይም የኮኮናት ቃጫ።
• ማፍያ፦ በትንንሹ የተቆረጠ፣ ሳሙና ያልነካው ስፖንጅ።
• መሸፈኛ፦ ጆንያ፣ ወፍራም ጨርቅ ወይም ነጭ ቀለም። ብርሃን ወደ ውሃው ከገባ አረንጓዴ አልጌ ይበቅላል። ጥቁር ሽፋን ፀሐይ ላይ ውሃውን ስለሚያሞቅ ውጪው ነጭ ቢሆን ይመረጣል።

ማዳበሪያ

በገበያ የሚገኘው ዩሪያ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በዩሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ለተክሉ የሚመች የሚሆነው የአፈር ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ አሞኒየም፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ሲለውጡት ነው። በንጹሕ ጀሪካን ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች በበቂ መጠን አይገኙም፤ አሞኒየም ሲበዛም ሥርን ይጎዳል። ዳፕና ኤንፒኤስም ቢሆኑ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም አይሰጡም። ፍግ በውሃ ዘፍዝፎ መጠቀምም የታሸገውን ውሃ ኦክስጅን ያሳጣል፤ በጥሬው ለሚበላ ሰላጣ ደግሞ የበሽታ ጀርም ሊያመጣ ይችላል።

ለሰላጣ በስፋት የሚሠራበት ቅይጥ ሦስት ነገሮች አሉት። ለ20 ሊትር ውሃ፦

1. 4-18-38 የሚል ቁጥር ያለው፣ ብረትና ሌሎች ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች የተጨመሩበት የሃይድሮፖኒክስ ማዳበሪያ 12 ግራም፣
2. ማግኒዥየም ሰልፌት 6 ግራም፣
3. ካልሲየም ናይትሬት 12 ግራም።

ሁለቱ መጀመሪያ በውሃው ውስጥ በደንብ ይሟሟሉ፤ ካልሲየም ናይትሬት በመጨረሻ ይጨመራል። ሦስቱ በጥቂት ውሃ ወይም በደረቁ አንድ ላይ ከተቀላቀሉ ካልሲየሙ ከሰልፌትና ከፎስፌት ጋር ተጣብቆ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል፤ ተክሉም አያገኘውም። የውሃው ፒኤች ከ5.5 እስከ 6.5 ቢሆን ጥሩ ነው። የዝናብ ውሃ ይመረጣል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያለ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ስለሚበዛበት ፒኤቹን ከፍ ያደርጋል።

አሠራር

1. ጀሪካኑ በሙቅ ውሃና በሳሙና ዘይቱ እስኪለቅ ታጥቦ በደንብ ይለቀለቃል።
2. ክዳኑ ጠብቆ ይዘጋና ጀሪካኑ በሰፊው ጎኑ ይጋደማል። በላይኛው ገጽ ላይ ኩባያው ገብቶ በከንፈሩ የሚንጠለጠልበት ቀዳዳ ይቆረጣል። በቀዳዳዎቹ መካከል ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ርቀት ይተዋል።
3. ዘሩ በእርጥብ ስፖንጅ ላይ ይዘራል። ችግኙ ከሁለት እስከ አራት እውነተኛ ቅጠሎች ሲያወጣ ከነስፖንጁ ወደ ኩባያው ይገባና በጠጠር ይደገፋል።
4. የማዳበሪያው ውሃ የኩባያውን ታች ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር እስኪነካ ድረስ ይሞላል።
5. ጀሪካኑ ተሸፍኖ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ በሚያገኝ በረንዳ ወይም ግቢ ይቀመጣል።
6. ሰላጣው ከተዛወረ ከ5 እስከ 6 ሳምንት ገደማ ይደርሳል። ከዚያ በፊት ውሃው ሊያልቅ ከሆነ ከዕቃው ግማሽ ሳያልፍ ይጨመራል።

አንድ የሰላጣ ራስ ተክሎ እስኪደርስ ድረስ 4 ሊትር ገደማ የማዳበሪያ ውሃ ይበቃዋል።

ተስማሚ ሰብሎች

ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ በሶብላና ድንብላል ለጀማሪ ይመቻሉ። ቲማቲምና ቃሪያ ትልቅ ዕቃ፣ ብዙ ውሃና ደጋፊ እንጨት ይፈልጋሉ። እንደ ካሮትና ድንች ያሉ ምግባቸው ከመሬት በታች የሚያድግ ሰብሎች ለዚህ ዘዴ አይሆኑም።

ችግሮችና ጥንቃቄ

• የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ መሆን ብዙ ጊዜ የናይትሮጅን እጥረት ምልክት ነው።
• የአዳዲስ ቅጠሎች ጫፍ ማረር ካልሲየም ወደ ቅጠሉ በበቂ እንዳልደረሰ ያመለክታል።
• ሥሩ ቡናማ ሆኖ ከላላና ከሸተተ በስብሷል፤ ዕቃው ተደፍቶ ይታጠባል።
• የቆመ ውሃ ለወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ሲሆን፣ በከተማ ውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ትራባለች። ስለዚህ በኩባያው ዙሪያ ያለው ክፍተት ሁሉ በስፖንጅ ወይም በወንፊት ጨርቅ መደፈን አለበት።
• የተረፈው የማዳበሪያ ውሃ ወደ ወንዝ አይደፋም፤ ለጓሮ ዛፍ ሊጠጣ ይችላል።

ጥቅምና ውስንነት

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመና የአሜሪካዋን አሪዞና ግዛት መነሻ ያደረገ ጥናት አንድ ኪሎ ሰላጣ በማሳ 250 ሊትር፣ በሃይድሮፖኒክስ ግን 20 ሊትር ገደማ ውሃ እንደሚፈጅ አስልቷል። ይሁን እንጂ በጥናቱ የታየው የሃይድሮፖኒክስ ግሪን ሃውስ፣ በተለይ ለማሞቂያና ለማቀዝቀዣ፣ ከማሳው 82 እጥፍ ያህል ኃይል ይበላል። የጀሪካኑ ዘዴ በፀሐይ ብርሃን ብቻ ስለሚሠራ ይህ ወጪ የለበትም። ለሃይድሮፖኒክስ የሚሆነው ማዳበሪያ ግን መገዛት አለበት፤ ዘዴውም የሚጠቅመው ለቅጠላ ቅጠል እንጂ ለእህል አይደለም። መሬት ለሌለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ወይም ለትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ግን በአንድ ጀሪካን ሊጀመር የሚችል ነው።